ከ0.208 በስተጀርባ፦ ስለ ዋሽንግተን ናሽናልስ ወጣት መቺዎች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂያችን በቨርጂኒያ ግዛት በአሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖሩ አባት ናቸው። የጻፉልን ጥያቄ አጠር ተደርጎ ሲቀርብ ይህን ይመስላል፦ «ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የናሽናልስን ጨዋታ አንድም አያመልጠውም። እኔ የእግር ኳስ ሰው ነኝ፤ ቤዝቦልን የተማርኩት ከእሱ ነው። አሁን ግን መስማማት አቅቶናል። እኔ ዲላን ክሩስ በቂ ጊዜ ተሰጥቶታል፣ ወደ ታችኛው ሊግ ይመለስ ወይም ይሸጥ እላለሁ፤ እሱ ደግሞ ይታገሡት ይላል። ጄምስ ዉድም ቢሆን በአንድ ዓመት 221 ጊዜ በስትራይክ አውት (ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት) የወጣ ሰው እንዴት ኮከብ ይባላል? እነዚህ ልጆች እውነተኛ ተስፋ አላቸው ወይስ ስማቸው ብቻ ነው የገነነው?»

ጤና ይስጥልኝ። በዋሽንግተን ዙሪያ ለታዳጊዎች የመምታት ሥልጠና መስጠት ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ በእነዚህ ዓመታት ከወላጆች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ቅሬታ «ልጄ መምታት አቃተው» የሚለው ነው። እኔም ሁልጊዜ መልሼ የምጠይቀው «ያቃተው እንዴት ነው?» ብዬ ነው። ሁለት መቺዎች በአንድ ዓመት እኩል 0.208 ሊመቱ፣ ማለትም ከሺህ ሙከራ 208 ጊዜ ሊሳካላቸው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ አንደኛው የቡድኑ ምሰሶ ይሆናል፣ ሌላኛው ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ስሙን የሚያነሣው ሰው አይገኝም። የሁለቱ ልዩነት ግን በዚያው በ0.208 ዓመት ውስጥ፣ ትኩር ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ አስቀድሞ ይታይ ነበር። ስለዚህ በእርስዎና በልጅዎ ክርክር ላይ ፍርድ ከመስጠቴ በፊት ቁጥሩ የሚሸፍነውን ነገር ገልጠን እንይ። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከእግር ኳስ ለመጣ ተመልካች መጀመሪያ የሚከብደው የውድቀቱ ብዛት ነው። በዛሬው ሜጀር ሊግ (በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) የመቺዎች አማካይ 0.245 አካባቢ ነው፤ ከመቶ ሙከራ የሚሳካው ሃያ አራቱ ወይም ሃያ አምስቱ ብቻ ነው ማለት ነው። 0.300 የሚመታ ሰው፣ ማለትም ከአሥር ሰባቱን የሚስት ሰው፣ ከምርጦቹ ተርታ ይሰለፋል። ምክንያቱ የሥራው ክብደት ነው። ወርዋሪው የሚቆምበት ስፍራ ከመቺው ሰሌዳ 18.44 ሜትር ይርቃል፤ በሰዓት 153 ኪሎ ሜትር የተወረወረ ኳስ ይህን ርቀት የሚጨርሰው በአንድ ሰከንድ አራት አሥረኛ ገደማ ውስጥ ነው፤ መቺው ልምታ ወይስ ልተው የሚለውን የሚወስነው ከዚህም ጊዜ በግማሹ ባነሰው ነው። ዱላው በጣም በሚወፍርበት ቦታ 6.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ዱላው ኳሱን ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ካገኘው ኳሱ መሬት ለመሬት ይንከባለላል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ካገኘው ደግሞ ወደ ሰማይ ጎኖ የተከላካይ ጓንት ውስጥ ይወድቃል።

በዚህ ላይ ዕድል የሚባለው ነገር ይጨመራል፤ ስለ ዕድል ስናገር ማመካኛ መደርደሬ አይደለም፣ የሂሳብ ጉዳይ ነው። እውነተኛ ችሎታው 0.250 የሆነ መቺ ሃምሳ ጊዜ ቢሞክር አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ጊዜ ይሳካለታል ብለን እንጠብቃለን። ነገር ግን በችሎታው ላይ አንዳች ነገር ሳይለወጥ ዘጠኝ ብቻ ቢሆንለት፣ ወይም አሥራ ስድስት ቢሆንለት፣ በስታቲስቲክስ ዓይን ፈጽሞ የሚያስገርም አይደለም። የመጀመሪያው 0.180 ነው፤ ሁለተኛው 0.320 ነው። ያው ሰው፣ ያው ዱላ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት አንድ ጊዜ «ይባረር» ይባላል፣ አንድ ጊዜ «ኮከብ ተወለደ» ይባላል። በአንድ ሙሉ የውድድር ዘመን እንኳን በ500 ሙከራ 0.250 በመታና 0.300 በመታ ሰው መካከል ያለው ልዩነት 25 ምት ነው፤ ውድድሩ ወደ ሃያ ስድስት ሳምንት ስለሚፈጅ በሳምንት አንድ ምት እንደ ማለት ነው። በየዕለቱ በቴሌቪዥን የሚመለከት ሰው ይህን ልዩነት በዓይኑ ብቻ ይለያል ብዬ አላምንም፤ እኔም አልለየውም።

ታዲያ ዓይናችንን የት እናሳርፍ? ቶሎ እውነቱን የሚናገሩ ቁጥሮችና ዘግይተው የሚናገሩ ቁጥሮች አሉ። አንድ መቺ ከመቶ ተራው ስንቱን በስትራይክ አውት እንደሚጨርስ ስልሳ ያህል ተራ ካየን በኋላ መልኩ መታየት ይጀምራል፤ ዎክ የማግኘት (አራት ክፉ ኳስ ትቶ በነጻ ወደ አንደኛ ቤዝ የማለፍ) ልማዱን ለማወቅ ደግሞ ከዚያ እጥፍ ያህል ያስፈልጋል። በአንጻሩ ወደ ሜዳ የገባ ኳስ ምን ያህሉ ምት ሆኖ እንደሚቀር የሚነግረን ቁጥር እስኪረጋ ብዙ መቶ ኳስ ይፈልጋል፤ አንድ ዓመትም ላይበቃው ይችላል። የመምታት አማካይ የምንለው ዝነኛ ቁጥር በአብዛኛው የተመሠረተው በዚህ በመጨረሻው፣ በሚዋዥቀው ነገር ላይ ነው። እንግዲህ ስለ አንድ ወጣት ስጠየቅ የማየው ሦስት ነገር ነው፦ ከስትራይክ ክልል (ከሰሌዳው በላይ ኳሱ መልካም ተብሎ ከሚቆጠርበት ቦታ) ውጭ የሆነውን ኳስ ያሳድዳል ወይ፣ በክልሉ ውስጥ ያለውን ሲመታ ያገኘዋል ወይ፣ ሲያገኘው ደግሞ ኳሱ በምን ፍጥነትና በምን ማዕዘን ይሄዳል።

አሁን ወደ ክሩስ እንምጣ። ይህ ልጅ በ2023 ከሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር የኮሌጆችን ሻምፒዮና ያነሣ፣ በዚያው ዓመትም ለምርጥ አማተር ተጫዋች የሚሰጠውን የጎልደን ስፓይክስ ሽልማት የወሰደ ነው። በዚያ ዓመት ምርጫ (የሜጀር ሊግ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚወስዱበት ድራፍት) የቡድን ጓደኛው ፖል ስኪንስ በፒትስበርግ አንደኛ ሆኖ ሲመረጥ እሱ በዋሽንግተን ሁለተኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ከአንድ ኮሌጅ የወጡ ሁለት ተጫዋቾች አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ሲመረጡ በታሪክ የመጀመሪያው ነበር። በታችኛው ሊግ የተጫወተው ከመቶ ሠላሳ ጥቂት ከፍ የሚል ጨዋታ ብቻ ነው። ኦገስት 26 ቀን 2024 ወደ ዋናው ቡድን መጣ፤ በቀሩት 31 ጨዋታዎች 0.218 መታ። በ2025 ደግሞ በ85 ጨዋታዎች 0.208 መታ፤ 10 ሆም ራን (ከአጥሩ ማዶ የሚወጣ ምት) አስቆጠረ፣ 17 ቤዝ ሰረቀ (ምት ሳይጠብቅ ሮጦ ወደ ቀጣዩ ቤዝ አለፈ)። እርስዎን ያስቆጣዎት ይህ ነው፤ አልፈርድብዎትም።

ነገር ግን ቁጥሩን እንፍታው። በስትራይክ አውት የወጣበት መጠን ከሊጉ አማካይ ብዙም የራቀ አይደለም። ኳሱን አላየውም፣ ዱላው አልደረሰም የሚባል ልጅ አይደለም ማለት ነው። የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው፦ ሆም ራኑን ትተን ወደ ሜዳ ከገቡት ኳሶቹ ምት ሆነው የቀሩት ከመቶ ሃያ አምስት አይሞሉም፤ የሊጉ አማካይ ግን ሃያ ዘጠኝ ገደማ ነው። ክሩስ ፈጣን ሯጭ ነው፤ ፈጣን ሯጭ መሬት ለመሬት ከሄደ ኳስ እንኳን ከሌላው ሰው የተሻለ ማትረፍ ይገባዋል። ስለዚህ ጉድለቱ በከፊል ዕድል ነው፤ በከፊል ደግሞ ኳሱን በደካማ ማዕዘን ማግኘቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ወደ መሬት ይጠልዘዋል ወይም ከዱላው ጫፍ ያወጣዋል። እኔ ድርሻውን ግማሽ በግማሽ አደርገዋለሁ፤ ልጅዎ ምናልባት ከእኔ የበለጠ ቸር ይሆናል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ ሲተነተን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ክሩስ ከሜይ መጨረሻ ገደማ እስከ ኦገስት አጋማሽ ድረስ የጎን ጡንቻው ተጎድቶ ከሜዳ ርቆ ነበር። ይህ ጡንቻ ለመቺ ቀላል ነገር አይደለም። የመምታት ኃይል የሚመነጨው ከክንድ ሳይሆን ዳሌ ቀድሞ ዞሮ ትከሻ ተከትሎት በሚመጣበት ቅጽበት ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ገመድ ደግሞ ይኸው የጎን ጡንቻ ነው። ሕመሙ ለቆትም እንኳን መቺው ሳያውቀው ይሰስታል፤ መዞሩን ያሳጥራል፣ ክንዱን ብቻ ይወረውራል። በ2025 በዚያው ቡድን የተጫወተው ሮበርት ሃሰልም በ2022 በእጁ መዳፍ ሥር ያለችው በእንግሊዝኛ «ሃሜት» (hamate) የምትባል ትንሽ አጥንት ተሰብራበት ነበር፤ ይህች አጥንት የተሰበረችበት መቺ ወደ ሜዳ ከተመለሰ በኋላም ለረጅም ጊዜ ኃይል ሊያጣ እንደሚችል በሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። በሳንቲም የምታንስ አጥንት የአንድን ተስፈኛ ሁለት ዓመት ስትበላ በዓይኔ አይቻለሁና «ሰነፈ» የሚለውን ቃል ከአፌ ለማውጣት እቸገራለሁ።

ጄምስ ዉድ ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በነገራችን ላይ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ የተወለደው ብዙዎቻችን በምንኖርበት በሜሪላንድ በሮክቪል ነው። ቁመቱ 2.01 ሜትር ነው፤ ይህ ቁመት በረከቱም መከራውም ነው። ረጅም ክንድ ዱላውን በትልቅ ቅስት ስለሚያዞረው ኳሱን ያገኘው ዕለት የሚወጣው ፍጥነት ከሊጉ ጥቂቶች ብቻ የሚያደርሱት ነው፤ ነገር ግን ረጅም ቅስት ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፣ የረጅም ሰው የስትራይክ ክልልም ከጉልበት እስከ ደረት ሰፊ ነው። በ2025 እስከ ኦል ስታር ዕረፍት (በዓመቱ አጋማሽ የኮከቦች ጨዋታ እስከሚደረግበት) ድረስ 24 ሆም ራን መታ፤ ከዚያ በኋላ ግን 7 ብቻ ጨመረ። ዓመቱን በ0.256፣ በ31 ሆም ራንና በ94 አርቢአይ (በእሱ ምት የገቡ ነጥቦች) ዘጋ፤ እርስዎ ያነሡት 221 ስትራይክ አውትም እውነት ነው፤ ማርክ ሬይኖልድስ ለአሪዞና ሲጫወት በ2009 ካስመዘገበው የ223 ክብረ ወሰን የሚያንሰው በሁለት ብቻ ነው።

እንዴት ኮከብ ይባላል ላሉት ግን ተቃራኒ አሠልጣኞች ምን እንዳደረጉ ልንገርዎት። ጁን 29 ቀን 2025 የሎስ አንጀለሱ ቡድን ኤንጀልስ ዋሽንግተን ድረስ መጥተው ሲጫወቱ ዉድን በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብለው በነጻ ወደ አንደኛ ቤዝ አሳለፉት። አራት ጊዜ! ከዝነኛው መቺ ከባሪ ቦንድስ ዘመን፣ ከ2004 ወዲህ፣ በማንም ላይ ያልተደረገ ነገር ነው። በእግር ኳስ ቢሆን አንድን አጥቂ አራት ተከላካይ እንደማስያዝ ነው። ከመቶ ተራው ሠላሳ ሁለቱን በስትራይክ አውት የሚጨርስን ሰው ይህን ያህል የፈሩት፣ ከቀሩት ስልሳ ስምንቱ ውስጥ የምትመጣዋን አንዷን ስለሚያውቋት ነው። ስትራይክ አውት ለዓይን ያስጠላል፤ መቺው ባዶ አየር ገርፎ፣ ዱላውን ጎትቶ ይመለሳል። ነገር ግን ሁለት ሰው ሊያስወጣ ከሚችል መሬት ለመሬት ከሄደ ኳስ የባሰ ጉዳት አያደርስም። በቁመት እኩያው የሆነው የኒው ዮርኩ አሮን ጃጅ በ2016 ሲጀምር በ27 ጨዋታ 0.179 መትቶ ነበር፤ ከ84 ሙከራው 42ቱ፣ እኩሌታው ማለት ነው፣ ስትራይክ አውት ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2017፣ 208 ጊዜ በስትራይክ አውት ወጣ፤ 52 ሆም ራን መትቶም የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ።

ዉድን ጃጅ ነው እያልኩ አይደለም። ሥጋቴ ሌላ ቦታ ነው። ስትራይክ አውት የበዛበት መቺ ሁለት ዓይነት ነው፤ ክፉውን ኳስ እያሳደደ የሚስትና መልካሙን ኳስ ሞክሮ የሚስት። ዉድ ዎክ የሚያገኝ፣ ዓይኑ ደህና የሆነ ልጅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚስተው በክልሉ ውስጥ ያለውን ፈጣን ኳስ ዘግይቶ ደርሶ ነው። የዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ የደከመ ገላ ያለው ሰው መስሎኝ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ የሜጀር ሊግ ዓመት የተጫወተ ግዙፍ ሰው በኦገስት ሙቀት ቢዘገይ አይደንቅም፤ በመጪው ዓመትም እንዲሁ ከዘገየ ግን ያኔ እንደገና እንነጋገራለን።

በእውነት የሚያሳስበኝ የሚያሳድደው ነው። እዚህ ላይ ከሥራዬ አንድ ነገር ላሳይዎት። በክረምት ልጆችን ቤት ውስጥ በተዘጋጀ መረብ ሳሠለጥን አንዱ ልምምድ ምንም አለመምታት ነው። ኳሶቹ ላይ በቀይና በጥቁር ቀለም ቁጥር እጽፋለሁ፤ ልጁ ዱላውን ይዞ ይቆማል፤ ኳሱ ሲመጣ ዱላውን ሳያንቀሳቅስ «ቀይ ሦስት፣ ውጭ» ወይም «ጥቁር ሰባት፣ ውስጥ» ብሎ መጮህ አለበት። ባለፈው ክረምት በጣም ጠንካራ የሆነ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረኝ። አምስተኛው ኳስ ላይ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዘጠነኛው ላይ ከሰሌዳው ውጭ አንድ ክንድ የራቀውን ኳስ ሳይወድ በግዱ ገረፈውና ራሱ ሳቀ። «ዓይኔ ውጭ ነው አለኝ፣ እጄ ግን አልሰማም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኳስ ማሳደድ ማብራራት ሲያስፈልገኝ የምጠቅሰው የዚህን ልጅ ቃል ነው። እጅን ማስተማር ይቻላል፤ ነገር ግን በሁሉም ላይ አይሠራም፣ ዕድሜ በጨመረ ቁጥርም ይከብዳል።

ከናሽናልስ ወጣቶች በዚህ በኩል የምሠጋለት ብሬዲ ሃውስ ነው። በ2021 በአሥራ አንደኛ ምርጫ ተወስዶ ጁን 2025 ላይ ወደ ዋናው ቡድን የመጣው ይህ የሦስተኛ ቤዝ ተጫዋች 0.234 መታ፤ አማካዩ ከክሩስ ይበልጣል፤ እኔ ግን አንዱን ምረጥ ብባል ሳላመነታ ክሩስን እመርጣለሁ። ሃውስ ዎክ የሚያገኘው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ወርዋሪዎች ይህን ሲያውቁ መልካም ኳስ መስጠት ያቆማሉ። ኪበርት ሩዊዝም የዚሁ ሕመም ሌላ መልክ ነው። ይህ ተቀባይ በ2021 ማክስ ሸርዘርና ትሬ ተርነር ወደ ሎስ አንጀለስ ሲሸጡ የመጣ ነው፤ በ2023 የስምንት ዓመት የ50 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ስትራይክ አውት የማይወድ፣ ዱላው ሁሉንም ኳስ የሚያገኝ መቺ ነው፤ እርስዎ ዉድን ከሚወቅሱበት አንጻር ከሆነ ሩዊዝ የዓመቱ ምርጥ መሆን ነበረበት። ችግሩ ሁሉንም ማግኘት ስለሚችል ሁሉንም ይመታል፤ መተው የነበረበትንም ኳስ ይነካና በደካማ ምት ይወጣል። በ2023 የነበሩት 18 ሆም ራኖች በ2024 ወደ 13 ወረዱ፤ በ2025 ደግሞ ጭንቅላቱ ላይ ደጋግሞ በደረሰበት ጉዳት ዓመቱን ሳይጨርስ ቀረ፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ዓመት ከሚዛኑ አወጣለታለሁ።

ትዕግሥት ሁልጊዜ ፍሬ ያፈራል ብዬ ግን ልጅዎን ላታልለው አልፈልግም። በዚሁ ቡድን ካርተር ኪቡም የሚባል የ2016 የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ነበር። አንቶኒ ሬንዶን ከ2019 የዓለም ሻምፒዮናነት በኋላ ሲሄድ የሦስተኛ ቤዝ ቦታው ለእሱ ተሰጠው። በ2020 0.202፣ በ2021 0.207 መታ፤ ከዚያም ክርኑ በቀዶ ሕክምና ተጠግኖ ሳይመለስ ቀረ ማለት ይቻላል። ቁጥሩን ከክሩስ ቁጥር ጎን ቢያስቀምጡት መንትያ ይመስላል። ነገር ግን ክሩስ በሁለት ዓመት ካሳየው ኃይልና ሩጫ ውስጥ ኪቡም ያሳየው ጥቂቱን ነው፤ ዱላው ከፈጣን ኳስ ጋር ሲገናኝ ድምፁ ራሱ የተለየ ነበር፣ እርጥብ እንጨት ይመስል ነበር። እዚሁ ጎረቤታችን ባልቲሞር ደግሞ በ2013 53 ሆም ራን የመታው ክሪስ ዴቪስ ከሴፕቴምበር 2018 እስከ ኤፕሪል 2019 ድረስ በተከታታይ 54 ሙከራ አንድም ምት ሳያገኝ ቀረ፤ ወርዋሪዎችን ሳይጨምር የሊጉ ክብረ ወሰን ነው። ኤፕሪል 13 ቀን ቦስተን ላይ ሲሳካለት የተቃራኒ ሜዳ ተመልካች ጭምር አጨበጨበለት። ልዩነቱ ዕድሜ ነው። ዴቪስ ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ የዱላ ፍጥነት አንዴ ከሄደ አይመለስም። ክሩስ በ2025 ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

«ወደ ታችኛው ሊግ ይመለስ» ላሉት (ለክሩስ ይህ ማለት የናሽናልስ የታችኛው ሊግ ቡድን ያለበት ሮቸስተር ነው)፣ ወደ ታችኛው ሊግ መመለስ ቅጣት ሆኖ ሳይሆን ሕክምና ሆኖ የሚሠራበት ጊዜ አለ። የባልቲሞሩ ጃክሰን ሆሊዴይ፣ የ2022 አንደኛ ምርጫ፣ በሃያ ዓመቱ በኤፕሪል 2024 መጥቶ ከ34 ሙከራ ሁለት ብቻ መታ፤ ከሁለት ሳምንት ትንሽ በኋላ ወደ ታችኛው ሊግ ቡድን ወደ ኖርፎክ ተመለሰ፣ በጁላይ መጨረሻ እንደገና ተጠራ፣ በ2025 ደግሞ 17 ሆም ራን መታ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚባለው ለእሱ ጉዳይ ይስማማል። ለሆሊዴይ የጠቀመው ግን ገና ያልተማረው ነገር ስለነበረ ነው። ለክሩስ በሮቸስተር የሚጠብቁት ወርዋሪዎች እሱ ከዚህ ቀደም ያያቸው ዓይነት ናቸው፤ የሚከብደው በሁለት ስትራይክ ከሰሌዳው ውጭ ወርዶ የሚጠፋው ስላይደር የሚባለው ተጣማሚ ኳስ ነው፤ እንደዚያ ያለውን በየምሽቱ የሚያሳዩት የሜጀር ሊግ ወርዋሪዎች ናቸው። እኔ ብሆን በዋናው ቡድን አቆየዋለሁ፤ ነገር ግን በመምቻ ሰልፉ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ አደርገዋለሁ፤ እስከ ጁን መጨረሻም ስለ አማካዩ ማንም እንዳያነሣበት አደርጋለሁ። በ2025 በጁላይ ዋና ሥራ አስኪያጁና አሠልጣኙ ተሰናብተው ቡድኑ በ66 ድልና በ96 ሽንፈት ከጨረሰ በኋላ ሥልጣኑን የያዙት ፖል ቶቦኒና ሲሾም ሠላሳ ሦስት ዓመቱ የነበረው አሠልጣኝ ብሌክ ቡቴራ ሁለቱም ከተጫዋች ማሳደግ ሥራ የመጡ ስለሆኑ ይህን ለማድረግ ከቀዳሚዎቻቸው የተሻለ ትዕግሥት ይኖራቸዋል ብዬ እገምታለሁ።

ስለ መሸጥ ደግሞ ባጭሩ፦ ዛሬ ክሩስን የሚገዛ ቡድን የሚከፍለው የ0.208 ዋጋ ነው። በርካሽ ዘመን መሸጥ ንግድ አይሆንም። ናሽናልስ ኦገስት 2 ቀን 2022 ሁዋን ሶቶን ለሳን ዲዬጎ ሲሰጡ ግን ሶቶ በዋጋው ጫፍ ላይ ነበር፤ በምላሹ ዉድና ሲጄ ኤብራምስ ከሌሎች ጋር መጡ። ኤብራምስ ሲመጣ ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር፣ ዱላውም ቀጭን ነበር፤ በ2024 በ20 ሆም ራንና በ31 የተሰረቀ ቤዝ ኦል ስታር ሆነ። ይህን የለወጠው ሁለት ዓመት በየቀኑ መጫወቱ ነው።

«ስማቸው ብቻ ነው ወይ የገነነው» ያሉት ጥያቄ ከሁሉም የወደድኩት ነው፤ መልሱም እዚያው ክለብ ውስጥ አለ። ደይለን ላይል በ2021 በሁለተኛ ዙር የተመረጠ፣ በክርን ቀዶ ሕክምና ምክንያት 2022ን በሙሉ ያጣ፣ በየዓመቱ በሚወጡት የተስፈኞች ዝርዝር ውስጥ ከክሩስ በእጅጉ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። በሜይ 2025 መጥቶ 0.299 መታ፣ 11 ባለ ሦስት ቤዝ ምት አስመዘገበ፣ በሴፕቴምበር ደግሞ የናሽናል ሊግ የወሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ዝርዝር የሚያወጡ ሰዎች ሞኞች አይደሉም፤ የሚመዝኑት ግን ጣሪያን ነው፣ ማለትም ሁሉም ነገር ቢሳካ የት ይደርሳል የሚለውን። በ2025 አንደኛ ሆኖ የተመረጠው የኦክላሆማው ኢላይ ዊሊትስም ሲመረጥ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ስለ እሱ ከአሁኑ የሚነገረውን ሁሉ በግማሹ ይስሙ። በተቃራኒው የ2022 አምስተኛ ምርጫ የነበረው ኢላይጃ ግሪን ገና በፍሬድሪክስበርግ፣ ከታችኞቹ እርከኖች በአንዱ፣ መልካሙን ኳስ ደጋግሞ ይስት ነበር። ሰውነቱን ያየ ሰው ሐውልት ነው ይላል። ከመቺው ጀርባ ባለው መቀመጫ ሆኜ ሦስት ምሽት አይቼው ነበር፤ ለልምምድ ሲመታ ኳሱ ከአጥሩ ማዶ ይጠፋ ነበር፣ ጨዋታው ሲጀመር ግን ዱላው ኳሱን አያገኘውም ነበር። በዝቅተኛው ሊግ የሚስት ልጅ በላይኛው ያገኘዋል ብሎ ተስፋ ማድረግ የሚቻል ቢሆንም በገንዘቤ አልወራረድበትም።

አሁን ለእርስዎና ለልጅዎ አንድ የቤት ሥራ ልስጥ። አንድ ተራ ደብተር ግዙና ለክሩስ ብቻ ሦስት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው ከክልል ውጭ የሆነ ኳስ ለመምታት በሞከረ ቁጥር ጭረት ይደረግ፤ በሁለተኛው በክልል ውስጥ ያለውን ሞክሮ በሳተ ቁጥር፤ በሦስተኛው ደግሞ ያገኘው ኳስ መሬት ለመሬት ከሄደ «መ»፣ ቀጥ ብሎ ከበረረ «ቀ»፣ ወደ ላይ ከጎነ «ላ» ይጻፍ። ምት ሆነ ወይስ ተያዘ የሚለውን አትጻፉ፤ ያ የሌሎች ሰዎች ጓንት ጉዳይ ነው። አንዱ ሲጽፍ ሌላው ይመልከት፣ ከአምስት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) በኋላ ተቀያየሩ፤ ጭረቱ ላይ ካልተስማማችሁ ድጋሚ ምስሉን ጠብቁ። ሜዳ ድረስ መሄድ ከቻላችሁ ከሦስተኛ ቤዝ ወገን ሳይሆን ከመቺው ጀርባ ከፍ ብሎ ያለውን ርካሽ መቀመጫ ምረጡ፤ ኳሱ ከክልሉ ሲወጣ የሚታየው ከዚያ ነው።

ስድሳ ተራ ሲሞላ፣ ይህም በውድድሩ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ይደርሳል፣ ደብተሩን ዘርግታችሁ አንብቡ። የመጀመሪያው ዓምድ ሳስቶ በሦስተኛው «ቀ» ከ«መ» ጋር መተካከል ከጀመረ፣ አማካዩ በዚያ ቀን 0.190 ቢሆን እንኳን፣ ክርክሩን ልጅዎ አሸንፏል። የመጀመሪያው ዓምድ ጠቁሮ «መ» ከሞላው ግን ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ፤ ስለ ሮቸስተር የጻፍኩትን እንደገና አየዋለሁ።